ጻድቁ ስለ ራሱ የሞላው ቅጽ

«ቀድቷል!» አለች ሳይኮሎጂስቷ፣ ሁለቱን ቅጾች ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ። ሌላ ምን ትበል? አንዱን ታካሚው ስለ ራሱ፣ ሌላውን ታላቅ እህቱ ስለ እሱ ነው የሞሉት። መቶ መቶ ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሦስት ይሰጣል። ዜሮ «በፍጹም»፣ ሦስት «በጣም» ማለት ነው። እስከ አርባኛው ድረስ ወረደች። አንድም የተለያየ ቁጥር የለም።

ታካሚውን የአእምሮ ሆስፒታሉ ዋርድ በሙሉ «ጻድቁ» ነው የሚለው፤ ጥፋት የሚባል ነገር በደጁ አልፎ ስለማያውቅ። ከነርሶቹ ጋር ሲጣላ ነርሶቹ ናቸው፣ መድኃኒቱን ሲደፋ ብርጭቆው ነው። እህቱን ከደረጃ ላይ ገፍትሮ ክንዷን ሲሰብር እንኳ «ራሷ ነች የወደቀችው» አለ፤ ይኸው ስድስት ወሩ፣ ቃሉን አልለወጠም። እህቱም ቆርጣለች፤ ያደረገውን ካላመነ ቤቷን አይረግጥም። ሌላ የሚወስደው ዘመድ የለውም። ዛሬ ከሰዓት የሚቀመጠው ስብሰባ ወይ ወደ እሷ ይልከዋል፣ ወይ የገባ ወደማይወጣበት የኋላው ሕንፃ።

ሳይኮሎጂስቷ ደግሞ ጊዜ ልቆጥብ ብላ፣ ቅጹን ሳታየው «ስለ ራሱ ግንዛቤ የለውም» ብላ ሪፖርቷን ጨርሳ ነበር። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ይደፍራል።

መሳቢያዋን አየች። የእህትየው ቅጽ ከተሞላበት ቀን ጀምሮ እዚያ ተቆልፎበት ነበር፤ ቁልፉ ደግሞ ከእጇ አልወጣም። ታዲያ ከየት አባቱ ይቀዳል? ወደ ታች ቀጠለች።

«ለማምለጥ ስል እዋሻለሁ።» ሦስት፤ የእህቱም ሦስት። «ስቆጣ ማንም አይታየኝም።» ሦስት፤ ሦስት። «የሚያስቡልኝን ሰዎች ጎድቻለሁ።» ሦስት፤ ሦስት። እዚህኛው ላይ እስክሪብቶውን ከመጫኑ ብዛት ወረቀቱን በስቶታል።

የሰው ያለህ! ራሱን የሚያሳምር አይታለች፣ ራሱን የሚረግምም አይታለች፤ ከውስጥ ሆኖ ራሱን እንዲህ ልክ በልኩ ያየ ሰው ግን አላጋጠማትም። ያ ሁሉ ክህደት ከአፉ ሲወጣ፣ ሰውዬው ለካ ሁሉንም ያውቀው ነበር! አፍራ የጻፈችውን ሰረዘችና ጻድቁንና ለስብሰባው የመጣችውን እህቱን አስጠራቻቸው።

«ሁለታችሁም ከፈቀዳችሁ፣ ቅጾቹን ላሳያችሁ» አለች።

እህትየው በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ጻድቁ ጫማውን እያየ «ትየው» አለ። «አፌ እንቢ ሲለኝ ነው በእጄ የጻፍኩት።»

እህቱ መነጽሯን አድርጋ፣ ጣቷን በየመስመሩ እያስኬደች አነበበች። ወረቀቱ የተበሳበት ቦታ ስትደርስ ቀና አለች።

«ይኼ ስለኔ ነው?»

«ገፍቼሽ ነው እትዬ» አለ። ድምፁ በጭንቅ ነው የሚሰማው። «አልወደቅሽም። እኔ ነኝ።»

እህትየው እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ሳይኮሎጂስቷ ወረቀት ማስተካከል ያዘች፤ ቆይታ ግን ዘጠና ሰባተኛውን ዓረፍተ ነገር በጣቷ አሳየቻቸው።

«የተለያያችሁት እዚህ ላይ ብቻ ነው።»

«ማንም ከልቡ ሊወደኝ አይችልም» ይላል። ጻድቁ ሦስት ብሏል። እህቱ ዜሮ።

ጻድቁ ቁጥሯን አየ፣ ደግሞ አየ። «እትዬ፣ ይቺን ተሳስተሻል» አለና፣ አመሉ አይደል፣ ሊያርምላት እስክሪብቶ አነሳ።

«ነካ አድርጋትና ታየኛለህ!» እህትየው ወረቀቷን በመዳፏ ሸፈነችው። «ሌላውን እንደፈለክ። ይቺን እኔ ነኝ የማውቃት። በል ሂድ፣ ልብስህን ሰብስብ፤ ለስብሰባው እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ጻድቁ አልሄደም። እስክሪብቶውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ፣ በእህቱ ጣቶች መሃል የምትታየውን ዜሮ እያየ ቀረ።