አርባ ከረጢት

በዶማው ሦስተኛ ጊዜ ሲመታው ታላቅ ወንድሙ ማጓራቱን አቆመ። የአባታችንን መሬት ካላካፈልከኝ አለቅህም ብሎ እስከ ጫካው ድረስ የተከተለው ወንድሙ ነው። ቀድሞ በዱላ አናቱን ያለውም እሱ ነው።

ሰውየው ዓይኑ ውስጥ የገባውን ደም በእጅጌው ጠረገ። የት እንደሚቀብረው አላመነታም። ለተመራማሪዋ ለዶክተር ፀዳለ አርባ የመረብ ከረጢት ቅጠል እየሞላ የቀበረላት፣ በእያንዳንዱ ራስጌ ችካል ተክሎ ቁጥር የጻፈላት እሱ ነው። «የባሕር ዛፍን ቅጠል አፈር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ቶሎ አይደፍሩትም፤ የብሳናን ግን በሦስት ወር ጅማቱን ብቻ ነው የሚያስቀሩት» ብላው ነበር።

ወንድሙን በእግሩ ጎትቶ ብሳናው ሥር ወሰደው። ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ እንደ ሥራ ቀኑ ሁሉ ቆፈረ፣ ቀበረ፣ ደለደለ፣ ቅጠሉን መለሰበት። ከዚያ ወንዝ ወርዶ ታጠበ።

በሳምንቱ ዶክተሯ ከረጢቶቹን ልታወጣ ከተማሪዎቿ ጋር መጣች። እሱ ወደ ብሳናው ዝር ሳይል ባሕር ዛፉ ሥር ይቆፍር ነበር።

«ጋሼ!» ስትል ከብሳናው በኩል ተጣራች። «የቀበርነው ስንት ነበር?»

«አርባ ነው፣ ዶክተር።»

«ታዲያ ይሄ ችካል አርባ አንድ ይላል። ጽሕፈቱም ያንተው ነው።»

ዶማው ከእጁ ወደቀ።

«የረሳነው እኛ ነን ማለት ነው» አለች ወደ ተማሪዎቿ ዞራ። «ጋሼ ቁጥር ሳይሰጥ የሚቀብረው ነገር የለም። ቆፍሩት።»