አውቶብሱ የቆመ ዕለት

ከአውራ ጎዳናው ዳር ያለችውን ትንሽ ከተማ መኪናው ሁሉ ሽው ብሎ ያልፋታል፤ ነጋዴም ዝር አይልባትም። ዛሬ ግን አንድ አውቶብስ ከሻይ ቤቱ ደጃፍ ሲቆም፣ ባለቤቲቱ በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት።

«ሽንት ያለባችሁ ውረዱ! ከተማ ገና ሩቅ ነው!» አለ ረዳቱ።

ወንዶቹ ወርደው መስኮቷ ሥር ተደረደሩ።

«ኧረ ነውር ነው! ሰው ያለበት ቤት እኮ ነው!» ብትጮህም ዞር ያለ የለም።

በመጨረሻ፣ ሱቅ የሚከፍት ነጋዴ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ማንም ወጥቶ ካልተመለሰባት ከተማ በእግሩ የወጣው ባሏ ነጋዴውን አስከትሎ ከአውቶብሱ ወረደ። ሮጣ እጁን ያዘችው።

«ከተማችን እዚችው ጋ ነበረች» አለ ባልየው፣ እሷን አልፎ ግራ ቀኙን እያየ።

«ባዶ ሜዳ ላይ ነው እንዴ ሱቅ የምታስከፍተኝ?» አለ ነጋዴው።

ባልየው የያዘችውን እጁን፣ ዝንብ ያረፈበት ይመስል፣ አከክ አከክ አደረገና ተመልሶ ተሳፈረ።