የመኪናዋ ጩኸት

ራዊሪ መሬት ልትነካ ምንም እስከማይቀራት ዝቅ ያደረጋትን የእሽቅድምድም መኪናውን በቫን ሊለውጥ ተስማምቷል፤ እጁ ግን ቁልፉን አልለቅም አለው። ቫኑን ይዞ ራዊሪ እስከሚኖርበት ሰፈር፣ ማኑካው ድረስ የመጣው ሰውዬ፣ «ምነው ወንድሜ፣ ሐሳብህን ቀየርክ እንዴ?» አለው።

ይሄኔ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው የራዊሪ ሚስት ሂኔ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ከቤት ወጣች። «ራዊሪ፣ ልጁ ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። እስቲ መኪናዋን አስነሳት።»

ያቺ መኪና ስታጓራ ልጁ ሳይራገጥ ቀርቶ አያውቅም። ራዊሪ አስነስቶ ነዳጅ ሰጣት። የቤቱ መስኮት ተንቀጠቀጠ። ሂኔ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

«ድገመው» አለች።

ደገመው። የጎረቤት ውሾች ጮኹ።

«አሁንም አልተራገጠም፤ ሆስፒታል ውሰደኝ» አለች። «በሷ ግን አይሆንም፤ ጉብታው ሁሉ ያነጥረኛል።»

ራዊሪ ቁልፉን ለሰውየው ወረወረለትና መኪናዋን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ የቫኑን በር ለሂኔ ከፈተላት።