የዝዮቹ ሐይቅ

ባሏ በድንገት ወፍ ወዳድ ሆነ።

«በፈረንጆች ክረምት ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ወፍ ለማየት ልንሄድ ነው። ሃንጋሪ ይሻላል ወይስ ጃፓን?» አላት።

ዕድሜዋን ሙሉ ወፍ ስትከታተል የኖረችው እሷ ናት፤ እሱ አንድም ቀን አብሯት ወጥቶ አያውቅም። የሚሄደው ከማን ጋር እንደሆነም ደርሳበታለች፤ ከሥራ ባልደረባው ከኅሪት ጋር ነው። እሷ ግን ፈገግ አለች።

«ሃንጋሪ ይሻልሃል። ጭር ያለ ሐይቅ አለ፤ ጎህ ሲቀድ ዝዮቹ ሰማዩን ይሸፍኑታል። ባይኖኩላሩ ደግሞ ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ ይበቃሃል፤ ከዚያ ከበለጠ እጅህ ላይ ይንቀጠቀጥብሃል።»

ማረፊያውንም ራሷ መረጠችለት። «አንቺ እኮ መልአክ ነሽ!» ብሎ ግንባሯን ሳማት።

ክረምቱ ደርሶ ሃንጋሪ ሄዱ። ሐይቁ ዳር ካለው የእንጨት ማማ ላይ ሆነው፣ ኅሪት ትከሻው ላይ ተደግፋ ዝዮቹን ስታይ፣ ከኋላቸው አንድ ሰው በአማርኛ «እንደምን አደራችሁ?» አለ። ዘወር ስትል ባይኖኩላሩ ከእጇ ወደቀ።

«ባሌ!» አለች።

ሰውዬው አጠገባቸው ካለው አግዳሚ ላይ ረጋ ብሎ ተቀመጠና ወደ ወንዱ ዞረ።

«ባለቤትህ ከታች ቁርስ እያዘዘች ነው» አለው። «ለአራት ሰው።»