የአረንጓዴው ሹራብ ኔጋቲቭ

ራሔል የአባቷን ፊት አይታው አታውቅም። እሷ ሳትወለድ ነው የሞተው፤ ከመልኩ የተረፈው አንድ የፊልም ኔጋቲቭ ብቻ ነው። የደብረ ብርሃኑ ፎቶ ቤት ማሽን ኔጋቲቩን ስካን አድርጎ ወደ ባለቀለም ፎቶ ይለውጠዋል። ቀለሙን የሚቀዳው ግን ሟቹን ከሚያውቅ ሰው ትዝታ ነው፤ የወሰደውንም አይመልስም።

«እማዬ፣ ይቅርብኝ» አለች ራሔል ፎቶ ቤቱ በር ላይ።

«ዝም በይ! እኔ ጠግቤ አይቼዋለሁ፤ አሁን ተራው ያንቺ ነው» አሉ እናቷ ወይዘሮ ስንዱ።

እጃቸውን ማሽኑ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ሹራቡ አረንጓዴ ሆነ። ራሳቸው የሠሩለት ሹራብ ነው፤ ሲሞት ተርትረው ለራሔል የሕፃን ኮፍያ አደረጉት። ከዚያ ፀጉሩ ጠቆረ፣ ፊቱ ጠይም ሆነ፤ አገጩ የራሔልን የሚመስል ወጣት ፈገግ አለ። ራሔል ተንሰቀሰቀች።

ቤት ሲደርሱ ኮፍያውን ከቁም ሳጥን አውጥታ ከታተመው ፎቶ ጎን አስቀመጠችው። እናቷ አንስተው አገላበጡት።

«እንዴት ያምራል! ማን ሠራው?»

ወይዘሮ ስንዱ ኔጋቲቩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ያዙት። ኔጋቲቭ ጥቁሩን ነጭ አድርጎ ስለሚያሳይ እዚያ ላይ የሰውየው ፀጉር አሁንም ነጭ ነው። ትኩር ብለው አዩት።

«ባለቤቴ ነው አይደል?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ተመስገን!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «አብረን አርጅተናል ማለት ነው።»

ራሔል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፎቶ ቀስ ብላ ደፋችው።