ለይመር የተላከው ውጤት

ትርንጎ ከገበያ ስትመለስ፣ ስምንት ዓመት ያኮረፈቻት እህቷ ደብሬ ጓዳ ገብታ ሽንኩርት ስትልጥ አገኘቻት። ባሏ ይመር ደግሞ ሳህን ያጥባል። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራቸው ይመር ሳህን ሲያጥብ አይታው አታውቅም።

ዘምቢሉ ከእጇ ወደቀ።

አዲሱ ሕግ፣ ክፉ የምርመራ ውጤት እንደ መርዶ በማለዳ፣ በዘመድ አፍ ይነገር ይላል። ሐኪም ውጤቱን ለዘመድ ይልካል እንጂ ለታማሚው ትንፍሽ አይልም። ባለፈው ክረምት ትርንጎ ጡቷ ላይ ያገኘችውን እብጠት ስታሳያት ሐኪሟ፣ "ገና ወጣት ነሽ፤ ጡትሽ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በራጅ ላይለይ ይችላል። ውሃ የቋጠረ ይሁን ጠጣር፣ አልትራሳውንዱ ይነግረናል" ብላ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን አሳለፈችበት። ከዚያ በኋላ ምንም የነገራት ሰው የለም። ዝም ከተባልኩማ ደህና ነኝ ብላ ትርንጎም ረስታው ነበር።

"ዛሬ እዚሁ አድራለሁ" አለች ደብሬ፣ ቀና ሳትል።

"እስኪነጋ አልጠብቅም። ይመር፣ ስልክህን አምጣ።"

"ጠዋት ይሻላል፣ ትርንጎዬ።"

"መርዶ ለሟች አይነገርም። እኔ አለሁ። አምጣው።"

እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሰጣት። "እብጠቱ ጠጣር ነው። ምንነቱን ለማወቅ በዚህ ሳምንት ናሙና ይወሰድ" ይላል መልእክቱ። እፎይ ልትል ነበር፤ ናሙና እንጂ ሞት አልተጻፈም። ከዚያ ቀኑን አየች። መስከረም ሰባት።

"ይመር፣" አለች፣ "ጥር እኮ ገብቷል።"

"ያለ እህትሽ ማን ያረዳሻል ብዬ ነው፣" አለ ይመር። "እስክትታረቁ ሽማግሌ ስልክባት ነበር።"