ነዳጁ እስኪተኛ

የሚስቴ ወንድም በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ወረቀቱን እንዳነብለት ይጠብቃል። ዓይኑ ደህና ነው፤ የቢሮ ጽሑፍ ግን እኔ ሳነብለት ይሻለዋል። የነዳጅ ማከማቻው የደህንነት ኃላፊ ከፊታችን ተቀምጦ እስክሪብቶውን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል።

«ለኪው የአስር ደቂቃውን እረፍት ሳይጠብቅ የብረት መለኪያ ዘንጉን ወደ ቦቴው በማስገባቱ በተፈጠረ ብልጭታ እሳት ተነሥቶ...» እያልኩ አነባለሁ።

«ልክ ነው» ይለኛል። «የእጄን ነው ያገኘሁት፣ ጋሼ።»

ነዳጅ በቧንቧ ሲሮጥ እየተፋተገ ኤሌክትሪክ ይቋጥራል። ስለዚህ ቦቴው ከሞላ በኋላ ለኪው ዘንጉን ከማስገባቱ በፊት፣ የተቋጠረው እስኪበተን ላዩ ላይ ቆሞ አስር ደቂቃ ይጠብቃል፤ እኛ «ነዳጁ ይተኛ» እንላለን። እዚያ ላይ ሰዓትም ስልክም ክልክል ስለሆነ በልቡ እስከ ስድስት መቶ ይቆጥራል። የሚስቴን ወንድም በሰባት ዓመት የለኪነት ሥራው አንድ ቀን እንኳ ሲያሳጥር አላየሁትም። እንዲያውም ሾፌሮቹ «ኤሊው» ነው የሚሉት።

ቫልቩ የኔ ነው። ባዶ ቦቴ ሲቀርብ፣ የቧንቧው አፍ ነዳጁ ውስጥ እስኪሰጥም ድረስ በስሱ ይከፈታል። የዚያን ቀን ግን የምሳ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ሆዴ ይጮሃል፤ የቀረው አንድ ቦቴ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው እስከ ጥግ ለቀቅኩት። ቧንቧው ሲንቀጠቀጥ እጄ ላይ ይሰማኝ ነበር። እንዲህ የተለቀቀ ነዳጅ በአስር ደቂቃ አይተኛም። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ እላይ ቆሞ የሚቆጥረው ሰው ግን ቫልቩን አያይም።

ለመርማሪዎቹ «በስሱ ነው የከፈትኩት» አልኩ። አንዴ ካልኩት በኋላ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

«ለመሆኑ ስንት ላይ እንደደረስክ ትዝ ይልሃል?» እለዋለሁ።

«ስድስት መቶ ያልኩ ይመስለኛል። ግን ሦስት ወር ሙሉ አልጋ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ አንዳንዴ አራት መቶን የዘለልኩ ይመስለኛል። ድሮም ቁጥር አይሆንልኝም። የሒሳብ የቤት ሥራዬን የምትሠራልኝ እትዬ ነበረች።» ይስቃል፤ አዲሱ የጉንጩ ቆዳ ግን አይንቀሳቀስም።

ኃላፊው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይልና ወረቀቱን ወደ እሱ ይገፋል። ከፈረመ በራሱ ጥፋት ከሥራ ተሰናበተ ማለት ነው። ካልፈረመ ምርመራው እንደገና ይከፈታል፤ ያኔ እኔም እጠየቃለሁ። አሁን ተናገር እላለሁ ለራሴ። እስክሪብቶውን ግን ከኃላፊው እጅ እቀበላለሁ።

«ጋሼ፣ እጄን ያዝልኝ። ጣቶቼ አይታዘዙኝም።»

እስክሪብቶውን በፋሻው መሃል አስገብቼ፣ እጄን በእጁ ላይ አድርጌ፣ ስሙን አብረን እንጽፋለን። እንዳያመው በጣም ቀስ እላለሁ። ያን ቀንም እንዲህ ቀስ ብዬ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት?

ደጅ ስንወጣ ቆም ይላል።

«አንድ ነገር ልለምንህ። እትዬ ወረቀቱ ምን እንደሚል አትስማ። ከልጅነቴ ጀምሮ ‹ወንድሜ ችኩል አይደለም› እያለች ነው ለሰው የምታወራው። እንዳትነግራት።»

«አልነግራትም።»

«ማልልኝ።»

እምላለሁ፤ ይህን መሐላ መቼም እንደማላፈርሰው እያወቅሁ። እሱም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ግንባሩን ትከሻዬ ላይ ያሳርፋል።